ለማታውቀው እንግዳ የሚቀርብ ሳህን

ኤርሚያስ ገጹን እንደገና መለሰው። ከዳር በቀይ የጻፈው አስተያየት አጭር ነው፤ «የበሮቹ ምሳሌ የቱሪስት ወረቀት ይመስላል። ደግሞ ይሄ ያው የምናውቀው "ከሆነ" ነው፤ አንባቢው ምን ቸገረውና አዲስ ነገር ይማራል?»

ሥርጉት አንብባ ስትጨርስ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችና በበሩ ወደ ውጭ አየች። የሐረሩ አደባባይ ፈረስ መጋላ ጠዋቱን ተያይዞታል። አሮጌዎቹ ፔጆዎች ተደርድረው ሰው ይጠብቃሉ፣ ሁለት ባለባጃጆች በአንድ ጥላ ይጣላሉ፣ ከታች ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ የስፌት መኪናው ድምፅ ይመጣል። ከጠረጴዛዋ ፊት ደግሞ አንድ ሽማግሌ የዝውውር ማመልከቻ ሊያስጽፉ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ልጄ፣ ሥራ ይዘሻል መሰለኝ?»

«የለም አባባ፣ ይንገሩኝ» አለችና ቀዩን ጽሑፍ ዘግታ የእሳቸውን ጉዳይ መጻፍ ጀመረች።

ሥርጉት ተክለጻድቅ የሐረር ልጅ ናት። የአያቷ አባት ከሸዋ ከዘመቻ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ቤታቸውም ከሸዋ በር ብዙ አይርቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችው አብዛኛው ተማሪ በወደቀበት ዓመት ነው፤ እሷም አብራ ወደቀች። ብዙ ሰው አብሮ ሲወድቅ ሕመሙ የሚቀንስ ይመስላል፤ አይቀንስም። ከዚያ ወዲህ በዚህ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ጉርድ ፎቶ ታትማለች። ሰው አታበዛም። ጓደኞቿ ሲያገቡና ድሬዳዋ ሲወርዱ እሷ ማታ ማታ በስልኳ ማንበብ ያዘች። መጀመሪያ ያገኘችውን ሁሉ ነበር የምታነበው፤ በኋላ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ላይ ወደቀችና ከዚያ አልወጣችም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። አንዱን ገጽ ለመረዳት ሳምንት የወሰደባት ጊዜ አለ። ቋንቋው ከብዷት አልነበረም፤ የጻፈው ሰው አንባቢው ቀድሞ ያውቀዋል ብሎ የዘለለው ነገር ስለሚበዛ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ያሉ ጥቂት ባለሙያዎች ያንን ቋንቋ በአማርኛ የሚያስረዳ መጽሐፍ በኢንተርኔት ሊያወጡ መሆኑን ስትሰማ ጻፈችላቸው። ዲግሪ እንደሌላት አልደበቀችም። ኤርሚያስ የሚባለው አራሚያቸው ማንም ያልፈለገውን ምዕራፍ ሰጣት። ምዕራፉ ተቀባይነት ካገኘ ስሟ ከሥሩ ይጻፋል። ይህን አንድ ነገር እንደምትፈልገው ሌላ ነገር ፈልጋ አታውቅም። ሰው «ምን ተማርሽ?» ሲላት ዝም የምትልበት ጊዜ እንዲያበቃ ትፈልጋለች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እንደሷ በስልክ የሚያነብ አንድ ልጅ እሷ ሳምንት የፈጀችበትን በአንድ ቁጭታ እንዲረዳው ትፈልጋለች።

ምዕራፉ በዚያ የፕሮግራም ቋንቋ «ማች» ስለሚባለው ትእዛዝ ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ነገር ትሰጠዋለህ፤ ከሥሩ መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ መስመር በግራው አንድ መልክ፣ በቀኙ አንድ መልስ ይዟል። ማሽኑ የሰጠኸውን ነገር ይዞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ ከገጠመው መልክ ላይ ይቆማል፣ የዚያን መልስ ይሰጥሃል፣ የቀሩትን ዞር ብሎ አያያቸውም። የመጨረሻው መስመር ላይ መልክ የለም፤ በመልክ ፋንታ ዝቅ ያለች ሰረዝ ትቀመጣለች፤ ከላይ ያልገጠመው ሁሉ እዚያ ይወድቃል። ሥርጉት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስትጽፈው ግን በእጇ ላይ ይሞትባታል። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ፣ እንዲያ ከሆነ እንዲያ» ሆኖ ይቀራል፤ ያንን ደግሞ አንባቢው ሦስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ተምሮታል።

በመጀመሪያ የከተማዋን ግንብ፣ የጀጎልን በሮች ነበር ምሳሌ ያደረገችው። ከኤረር የመጣ በኤረር በር ይገባል፣ ከሌላው የመጣ በሌላው። ኤርሚያስ የቱሪስት ወረቀት ያለው ይህንን ነው። ተናደደች፤ ግን ማመልከቻውን ስትጽፍ ቆይታ ስታስበው እውነቱን ነው። ከኤረር የመጣ ገበሬ ጉዳዩ ሸዋ በር ከሆነ ዞሮ በሸዋ በር ይገባል። በር መልክ አይመርጥም።

«ልጄ፣ "በታላቅ ትሕትና" የሚለውን አስገብተሻል?» አሉ ሽማግሌው።

«አስገብቻለሁ አባባ።»

«ሁለት ቦታ አድርጊው። አንዱን ባያዩት አንዱን ያዩታል።»

ሁለተኛው ምሳሌ ከቤት መጣ። እህቷ ማህሌት ሴት ልጇን ክርስትና የምታስነሳው በጥቅምት፣ በጽጌ ጾም መካከል ነበር። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ የሚጾመው ይጾማል፣ የማይጾመው አይጾምም፤ ድግስ ላይ ታዲያ ሁለቱም አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ ሐረር ነውና ከጎረቤቱ እኩሌታ ሙስሊም ነው። ሙስሊም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያንም እንዲሁ። ስለዚህ በማህሌት ግቢ ሦስት ድስት ይጣዳል። አንዱ የፍስክ ነው፣ ዶሮውና ሥጋው። አንዱ የጾም ነው፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ። ሦስተኛውን ጎረቤታቸው ጋሽ ነስሮ በራሳቸው ግቢ አርደው፣ ባለቤታቸው በራሷ ድስት ሠርታ፣ ጠርዛቸው አረንጓዴ በሆነ ሳህኖች ያቀርቡታል። እንግዳው ሲገባ በር ላይ የሚቆም ሰው አይቶ ወደ ሳህኑ ይመራዋል።

ሥርጉት ይህን ስታስብ ልቧ ቀለል አላት። ማች ማለት ይህ አይደለም እንዴ? እንግዳው አንድ ነው፤ በር ላይ ያለው ሰው መልኩን ያያል፤ መልሱ ሳህን ነው። እንዲህ ብላ ጻፈችው፤ እንግዳው ሙስሊም ሲሆን አረንጓዴው ሳህን፣ ጿሚ ሲሆን የጾም ሳህን፣ በመጨረሻዋ ሰረዝ ላይ ደግሞ ሥጋ። ላከችው።

ኤርሚያስ በማግስቱ መለሰው። «ይሄ ይሻላል። የመጨረሻው መስመር ግን ለምን ሥጋ ሆነ? እንደ ትራፊ ጽፈሽዋል። የዚያ መስመር ጥቅም ምን እንደሆነ ካልገባሽ ለሌላ ሰው ልታስረጂው አትችዪም። አንድ ጊዜ ሞክሪ፣ ከዚያ በኋላ ጊዜ የለንም፤ በኅዳር እንዘጋለን።»

ሥርጉት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋችው። ሥጋ የሆነውማ የቀረው ሰው ሥጋ ስለሚበላ ነው። ድግስ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ይህ ሰውዬ በሕይወቱ ድግስ በልቶ አያውቅም እንዴ ብላ በልቧ ተሳደበች። ቀኑን ሙሉ ያንን መስመር እየቀያየረች ጻፈችው፤ በየጊዜው ያው ሆነ።

የድግሱ እሑድ ደረሰና የማህሌት ልጅ ክርስትና ተነሳች። ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ ሳለ አክስቷ እትዬ በለጡ ሽርጥ ታጥቀው መጡ። በለጡ የእድሩን ወጥ ቤት የሚያዙ፣ ሰው የሚፈራቸው፣ ራሳቸው ጽጌን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጾሙ ሴት ናቸው።

«አንቺ፣ በሩ ላይ ቁሚ።»

«እኔ? እትዬ፣ ሌላ ሰው ይሁን።»

«ሌላውማ ያወራል። አንቺ ወሬ ስለማታውቂ ሰው አይቆምብሽም። ያየሽውን አስገቢ፣ አለቀ።»

ቆመች። ሥራው እንደፈራችው አልነበረም። ጎረቤቱን ታውቀዋለች፤ ሻሽ ያሰረችውን፣ ኮፍያ ያደረገውን ወደ ጋሽ ነስሮ ጎን ትልካለች። ነጠላ የተከናነቡትን አሮጊቶች «እማማ፣ ጾመኛ ነዎት?» ትላለች፤ እነሱም «እንዴታ» ወይም «ዘንድሮ ጨጓራዬ አልቻለም» ይላሉ። የቀረውን ወደ ፍስኩ። ነገሩ ልክ እንደ ገጿ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ኤርሚያስ መጥቶ ቢያይ ብላ ተመኘች።

ከቀትር በኋላ የማህሌት ባል የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን በአንድነት መጡ። ከመካከላቸው አንድ የማታውቀው ነበረ፤ ኮት የለበሰ፣ ኮፍያ ያላደረገ፣ ቀጠን ያለ ወጣት። እጇን በሁለት እጁ አድርጎ ጨበጣት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ለማ ይመር እባላለሁ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዘንድሮ ነው ከወሎ የተዛወርኩት።»

ሐረር ውስጥ ለማ የሚባል፣ እንዲህ አድርጎ አማርኛ የሚናገር፣ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ሰው ክርስቲያን ነው። ይህን ማንም ለማንም አያስተምርም። የሐረር ሙስሊም አደሬኛውን ወይም ኦሮምኛውን ወይም ሱማሌኛውን ይዞ ነው አማርኛ የሚናገረው፤ ገና አፉን ሲከፍት ይታወቃል። ሥርጉት አላሰበችም እንኳ። «ግባ ቲቸር፣ በዚህ በኩል» ብላ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ፍስኩ መራችው።

ትንሽ ቆይቶ የእትዬ በለጡ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

«ምነው አንተ ልጅ? እንጀራውን ለብቻው ነው የምትገምጠው?»

«ደርሶኛል እማማ፣ እየበላሁ ነው።»

«የት አለ የበላኸው? ወጡ እንዳለ ነው። ሙያ የላቸውም ብለህ ልታወራብን ነው?»

«ኧረ በጭራሽ። ቁርስ አርፍጄ ስለበላሁ ነው።»

«ቁርስ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።» በለጡ ከሥጋው ደህና አድርገው ጠቀለሉና ጎንበስ አሉ። «በል በሞቴ። አፈር ስሆን።»

«እማማ…»

«እኔ በለጡ ቆሜ? ክፈት።»

ለማ ፊቱን ወደ ኋላ አሸሸ። አግዳሚው ላይ የነበሩት መምህራን ይስቃሉ፤ አንዱ «በለጡን እንቢ ያለ የለም» ይላል። ለማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሳቸው ብቻ ሊያሰማ እየሞከረ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። እኔ እስላም ነኝ» አለ።

ድንኳኑ ግን ሰማ። ሳቁ ተቆረጠ። የበለጡ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«ለማ ብሎ እስላም አለ?» አሉ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ የምራቸውን ነው የጠየቁት።

«እኛ አገር አለ። አባቴ ይመር፣ አያቴ ሰይድ።»

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለህ ተቀመጥክ?»

«በድግሳችሁ ቀን ሰው ላሳፍር?»

በለጡ ጉርሻውን አዩት። እሱ አይበላውም። እሳቸው ጾመኛ ናቸው፤ እሳቸውም አይበሉትም። ወደ ሳህኑ አይመለስ፣ ነውር ነው። ዞር ብለው አጠገባቸው ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ይመለከት በነበረው መምህር አፍ ውስጥ ከተቱትና ወደ በሩ መጡ።

«ዓይንሽ የት ነበር?»

«ስሙን ነገረኝ እኮ እትዬ።»

«ስሙን ነው የምናበላው? ሰው ቤታችን ገብቶ ጦሙን ሊወጣ። አያትሽ ይህን ቢሰሙ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ባይጨርሱት ይብሳል።

ጋሽ ነስሮ ወሬው ደርሷቸው ከወዲያኛው ጎን መጡ፤ እየሳቁ ነው የመጡት። «አቦ ለማ፣ ወላሂ አንተ አታፍርም። ጁምዓ ጁምዓ ከጎኔ እየሰገድክ፣ እዚህ ስትመጣ ከመምህራን ጋር ትጠፋለህ? ና ተነስ።» ይዘውት ሄዱ። ነገር ግን የነስሮ ድስት ለሚታወቀው ጎረቤት ተሰልቶ የተሠራ ነበርና ተጠርጎ አልቋል። አረንጓዴዎቹ ሳህኖች ታጥበው ተደፍተዋል። ጋሽ ነስሮ ፊታቸው ጠቆረ። ባለቤታቸው ከቤት ዕንቁላል ልጥበስ ብላ ተነሳች፤ ለማ ለመናት፣ አስቀመጣት።

በመጨረሻ ሥርጉት ራሷ ከጾሙ ድስት ሽሮና ጎመን አውጥታ አመጣችለት። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በር ላይ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ» አለ ለማ እንጀራውን እየቆረሰ።

«ሰው እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ሃይማኖትህ ምንድን ነው ተብሎ? ቀበሌ ነው እንዴ?»

«አይጠየቅም፣ ልክ ነሽ። እኔም ለምጄዋለሁ። በየሄድኩበት ሥጋ ነው የሚሰጡኝ።» ጎረሰና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ጥሩ ሽሮ ነው። ይሄን መጀመሪያ ብትሰጪኝ በልቼ፣ መርቄ፣ እሄድ ነበር። ማንም ምንም አያውቅም። ጾም ማንን ይጎዳል? የጾመውም ይበላዋል፣ ያልጾመውም ይበላዋል፣ እኔም ይኸው እበላዋለሁ።»

ሥርጉት ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ለካ ያች የመጨረሻ መስመር ለትራፊ ሰው አይደለችም። ለማታውቀው ሰው ናት። የምታውቀውን ሁሉ ከላይ በየመልኩ ጨርሰሃል፤ ከሥር የሚወድቀው ማን እንደሆነ የማታውቀው ነው፤ ለማታውቀው ሰው ደግሞ የሚሰጠው ማንንም የማይጎዳው ነገር ነው። ሥጋው የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ እንደሚበላ ለምታውቀው ብቻ። ሰረዟ ላይ መቀመጥ ያለበት ሽሮው ነበር። ኤርሚያስ ልክ ነበር። ይህ ከሁሉ በላይ አናደዳት፤ ያ ድግስ አያውቅም ብላ የሰደበችው ሰው ልክ ሲሆን።

«ምን ሆንሽ?» አላት ለማ።

ነገረችው። ለሰው ስለ ገጿ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፤ ስለ ማሽኑ፣ ስለ መስመሮቹ፣ ስለ ሰረዟ። የጂኦግራፊ መምህር ነውና ምንም አይገባውም ብላ ነበር የጀመረችው፤ ግን እየጎረሰ አዳመጣት።

«እንግዲህ እኔ ሰረዟ ላይ የወደቅኩ ሰው ነኛ» አለ። «ታስገቢኛለሽ?»

«በስምህ?»

«በስሜ አስገቢኝ እንጂ። እናቴ መጽሐፍ ውስጥ ገባ ብላ ለሰፈር ትነግራለች።»

«እሺ» አለች። ቃል ሰጠች።

በሚቀጥለው ሳምንት ጽሕፈት ቤቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ መብራት ሲኖር፣ ኢንተርኔቱ ሲፈቅድ፣ ያንን ገጽ እንደ አዲስ ጻፈችው። በዚህ ጊዜ አልሞተባትም። እንዲህ የሚል ነበረበት፤ «"ከሆነ" በር ላይ ቆሞ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ አንዱን ጥያቄ ቢረሳ ማንም አይነግረውም። ማች ግን ድግሱ ሳይጀመር ቆሞ፣ "ሊመጣ የሚችለውን ሰው ሁሉ አስበሃል?" ይልሃል። አንድ ሰው ያለ ሳህን የሚቀር ከሆነ ድንኳኑን አያስከፍትህም። መምህር ለማን የሚመስል እንግዳ እንደሚመጣ አታውቅም። ስለዚህ ከሥር ለማታውቀው ሰው የሚሆን ሳህን አኑር፤ የምታኖረው ደግሞ ማንም ቢበላው የማይጎዳውን ይሁን።» ከሱ ቀጥላ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ለምን እንደሚያስፈልግ ጻፈች፤ ሰረዟን ከላይ ብታስቀምጣት ጋሽ ነስሮም በለጡም ሁሉም ሰው ሽሮ በልቶ ይሄዳል፣ ከታች ያሉት ድስቶች ሳይነኩ ይቀዘቅዛሉ። ስትጨርስ ጮክ ብላ አነበበችው። አንድ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ወታደር ቆሞ ሰምቶ፣ «የምን ድግስ ነው?» አላት። ላከችው።

ኤርሚያስ በጽሑፍ አልመለሰም። ደወለ።

«ሥርጉት፣ አነበብኩት። ሁለቴ።»

«እሺ።»

«እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ ማስረዳት አልችልም። የምሬን ነው።»

ከእንዲህ ያለ ምስጋና ኋላ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

«ግን አይወጣም» አለ።

«ምኑ ነው የማይወጣው?»

«እስላም፣ ክርስቲያን፣ የማን ሥጋ፣ የማን ሳህን። ተነጋገርንበት። አንዱ ገጹን ፎቶ አንስቶ፣ ከላይ ከታች ቆርጦ ፌስቡክ ላይ ቢለጥፈው ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ምን ይከተላል? እኛ ሰፈር በየድግሱ የሚደረግ ነው።»

«እናንተ ሰፈር ነዋ። መጽሐፉ እናንተ ሰፈር ብቻ አይነበብም።»

«ጿሚና የማይጾም ብቻ ላድርገው?»

«እሱም ያው ነው። ማን ጾመ፣ ማን አልጾመም ሊባል ነው።»

«እና?»

«ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን። የእያንዳንዱን ስፋት የሚያሰላ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስተምረው።»

«የማይታወቅ ቅርጽ ሲመጣስ? ስፋቱ ምን ይሁን?»

«ዜሮ በይው።»

«ዜሮ እኮ ውሸት ነው። ስፋት አለው፣ እኛ ነን የማናውቀው።»

«እንግዲያስ "ስህተት" ብሎ ይቁም። ሥርጉት፣ አትጨቃጨቂኝ፣ እኔም ብቻዬን አይደለሁም የምወስነው። እስከ ዓርብ ካላደረስሽልኝ ምዕራፉን በእንግሊዝኛው እንተወዋለን፤ ያኔ ስምሽም አይኖርም። ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል።»

ስልኩ ሲዘጋ ሥርጉት የምትጠላው ሰው ፈለገች፤ አጣች። ኤርሚያስ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ቆርጠው ይለጥፋሉ ያላቸውን ሰዎችም ታውቃቸዋለች፤ በየቀኑ ስልኳ ላይ ታያቸዋለች። ቢበዛ ልትጠላ የምትችለው ክቡን ነው። ክብ ደግሞ ምን አደረገ?

ምዕራፉ ይቅር ብላ ወሰነች። በማግስቱም ይቅር አለች። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ከሰው ጋር ተኮሳተረች፤ ለአንዲት እናት የልጃቸውን ስም አሳስታ ጻፈችባቸውና «ልጄ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል?» አሏት። ቤት ስትገባ እትዬ በለጡ ማህሌትን ሊጠይቁ መጥተው ስለዚያ ቀን ለሌላ ሰው ሲያወሩ ሰማች፤ አሁን ወሬው ተለውጦ፣ ሥርጉት መምህር ለማን በግድ ሥጋ ልታጎርሰው ነበር ሆኗል። አላረመችም።

ግን ያ እንደሷ በስልክ የሚያነበው ልጅ አልለቃትም። መልክ የለውም፤ ጅጅጋ ይሁን ጎንደር አታውቅም። ስልኩን ይዞ፣ ምዕራፍ ከምዕራፍ በአማርኛ እየተረዳ መጥቶ፣ ማች ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛ ያጋጥመዋል። እሷ ሳምንት የቆመችበት ቦታ ላይ እሱም ይቆማል። ለሱ ከምንም ክብ ይሻላል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቀመጠችና ቀየረችው። እንግዳው ቅርጽ ሆነ፣ ሳህኑ ስፋት። ድንኳኑ ወጣ፣ ድስቶቹ ወጡ። «ሊመጣ የሚችለውን ሰው ሁሉ አስበሃል?» የሚለውን «ሊኖር የሚችለውን ቅርጽ ሁሉ አስበሃል?» አለችው፤ ጥያቄው ቀዝቅዞ ቀረ። የመጨረሻዋ ሰረዝ ላይ ስትደርስ ቆየች። ማንንም የማይጎዳ ስፋት የሚባል ነገር የለም። «ስህተት» ብላ ጻፈች፣ ስሟን ከሥር አኖረች፣ ላከችው። ኤርሚያስ ወዲያው «በጣም ጥሩ» ሲል መለሰ።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ለማ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣ። የፈተና ወረቀት ሊያሳትም ፍላሽ ይዟል።

«ወጣ አሉ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እኔ የቱ ላይ ነኝ?»

ኢንተርኔት የለም ልትለው ትችል ነበር፤ የሐረር ሰው ያምናታል። ኮምፒውተሩን አዞረችለት። ለማ እንደ መምህር በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከሥር ስሟን ሲያገኝ «ማሻአላህ» አለ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ፈለገ።

«እኔ የለሁም።»

«አለህ። ክቡ አንተ ነህ።»

«ክብ?»

«ክብ አደረጉህ። እትዬ በለጡ አራት ማዕዘን ሆነዋል።»

ለማ ከልቡ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ይሁን እንግዲህ፣ ለእናቴ ክብ ሆንኩ እላታለሁ» አለ። ጣቱን የመጨረሻዋ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይህችስ? እዚህ የሚወድቀውን ምን ይሰጡታል?»

«ስህተት ነው ይሉታል።»

ለማ ሳቁን ተወ። ጣቱን ከመስመሯ ላይ አነሳ። «ቃል ሰጥተሽኝ ነበር» አላለም። ቢል ይሻላት ነበር፤ የምትመልሰው አዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን ፍላሹን ብቻ ዘረጋላት።

«ለሁለቱም ክፍል አትሚልኝ» አለ። «ነገ ጠዋት ነው የምፈትናቸው።»

ፍላሹን ሰካችና ማተም ጀመረች። ጥቂት እንደሄደ ማተሚያው ወረቀት ነከሰና ቆመ። ሥርጉት ክዳኑን ከፍታ የተጨማደደውን ስትጎትት ግማሹ እጇ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ውስጥ። ለማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ቀስ በይ» አላት። «አልቸኩልም።»

«እኔ እቸኩላለሁ» አለች ቀና ብላ ሳታየው፤ እጇን እንደገና ወደ ውስጥ ሰደደች።